ሄክሰንሹስ የሚባለው በሽታ

ባለፈው ዓመት የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ደጃፌ ላይ የወደቀ ቁልፍ ላነሳ ጎንበስ አልኩና በዚያው ቀረሁ። ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ተተኮሰ፤ ሌላ አባባል የለኝም። ቀና ማለትም መቀመጥም አቅቶኝ፣ እጄ ቁልፉ ላይ እንዳለ፣ የራሴን ደጅ እንደሚሳለም ሰው ተደፍቼ ቀረሁ። ምራቴና ጎረቤታችን ባለባጃጁ ተጋግዘው አልጋዬ ላይ አስተኙኝ። ምራቴ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ በትንሽ ክብ ቆርቆሮ ያለ፣ ካምፎር ካምፎር የሚል ቅባት ይዛ መጥታ ወገቤን ታሸኝ ጀመር። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ሕመሙን ረሳሁት። በወጣትነቴ እሠራባት የነበረችው ክሊኒክ ሽታዋ ይህ ነበር። ከሽታውም ጋር አርባ ምናምን ዓመት ከአፌ ያላወጣሁት ቃል ተከትሎ መጣ። "ሄክሰንሹስ" አልኩ ትራሱ ውስጥ። ምን አሉ አባባ አለችኝ ምራቴ። ምንም አላልኩም አልኳት። በዚያ ቃል የተነሳ ስዋሽ ይህ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

ያ ዘመን ሲነሳብኝ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው አንድ ቅዳሜ ነው። ሶዶ ያኔ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ መስታወት የለበሱ ፎቆች በቆሙበት ቦታ ቆርቆሮ ቤቶች በረንዳ ለበረንዳ ተያይዘው፣ ዝናብ ቢመጣ ሰው ሳይረጥብ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ይደርስ ነበር። ያልተቀየረው ዳሞታ ተራራ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ዛሬ ዛሬ ወደ ከተማው ጠጋ ያለ ይመስለኛል። ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ጥግ፣ ከፎቶ ቤቱ አጠገብ፣ ዓለሙ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበረ። አንገቱ ላይ ሜትር፣ ከንፈሩ ላይ መርፌ የማይለየው ቀጭን ሰው ነው። ዓለሙ ሱሪ ያልሰፋለት ጎረምሳ በዚያን ጊዜ ሙሉ ሰው አይባልም። እኔም ደመወዜን ስቀበል የቡና ቀለም ያለው ቴትሮን ጨርቅ ቆርጬ ሰጥቼው ነበር፤ ከጉልበት በላይ ጭን የሚያጣብቅ፣ ከጉልበት በታች ጫማ የሚሸፍን ቤልቦተም እንዲሰፋልኝ። የእጁ ስድስት ብር ነው። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ አሥር ሳንቲም። አጠገቡ ባለው ሻይ ቤት ቴፕ ነበረ፤ ባለቤቱ ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠነ አንዱን ዘፈን ደግሞ ደጋግሞ ያሰማናል። ቀጠሮ ሰጥቶ ስለቀረ ሰው አንዲት ሴት የምታንጎራጉረው ነበር። ዜማው እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። አፍሮዬን አበጥሬ፣ ማበጠሪያዬን የኋላ ኪሴ ሰክቼ፣ የዓለሙ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተሰቀሉትን ሙሽሮች አንድ በአንድ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ። ሰው እንዲህ አጥርቶ የሚያስታውሰው ወይ የተደሰተበትን ቀን ነው፣ ወይ የሸሸበትን። ስለ መደሰቴ ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ። ልጆቼ ያን ሱሪ ሳነሳ "ደግሞ ጀመረ" ብለው ይሳሳቃሉ። በዚያ ቀን የት መገኘት እንደነበረብኝ ግን ለማንም አልነገርኩም።

ክሊኒኳ ከጉኑኖ ወዲያ ነበረች፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣ ከፊቷ የተጋደመ ግንድ፣ ግንዱ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ። ሐኪሙ ጀርመን ነው። ዶክተር ዲተር እንለው ነበር፤ ረጅም፣ ፀሐይ አንገቱን ያቀላው፣ እጁ ግን እንደ ሴት እጅ የለሰለሰ ሰው። እሱ ወላይትኛ አያውቅም፣ ገበሬው እንግሊዝኛ አያውቅም፣ መካከል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በእንግሊዝኛዬ ብቻ የተቀጠርኩ የሃያ ሁለት ዓመት አስተርጓሚ። ሥራ ሲያበቃ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠን የአገሩን ቃላት ያስተምረኝ ነበር። ጀርመኖች ቃል አይፈጥሩም ይሰፋሉ ይለኛል፤ ሁለት አሮጌ ቁራጭ አንስተው ይገጥሙና አዲስ ያደርጉታል። ጓንት በእነሱ "የእጅ ጫማ" ነው። ኤሊ "ጋሻ ያላት እንቁራሪት" ናት። ሆስፒታል "የበሽተኞች ቤት"። ስፌቱን መተርተር ወደድኩ። አንድ ቃል በሰጠኝ ቁጥር ከሁለት ቀድጄ ውስጡን አያለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ጉኑኖ ወርጄ ለጓደኞቼ እጎርርበታለሁ። ቃል ለመተርተር እንጂ ለመጉዳት የሚሆን አይመስለኝም ነበር።

በእኛ አገር በሽተኛ የበሽታውን ስም ሳይዝ ከክሊኒክ አይወጣም። ይህን ዶክተሩም በስተኋላ ለምዶታል። መርፌ ተወግቶ፣ ኪኒን ተቀብሎ፣ ስሙ ካልተነገረው ቆሞ ይጠብቃል። ምክንያትም አለው፤ ቤቱ ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ ምን ሆንክ ብሎ ይጠይቀዋል፣ "አላወቁትም" ብሎ መመለስ የሞት ማስጠንቀቂያ ነው። ስሙን ካገኘ ግን ግማሹን ድኗል። ስም የማቀበል ሥራ የእኔ ነበር። ለወባውም ለብሮንካይቱም ለጨጓራውም እኔው ነኝ ስም የማድለው፣ ሰውም እንደ ታናሽ ሐኪም ያየኝ ጀመር። በመንገድ ሳልፍ ሽማግሌ ይነሳልኛል። ይህ ነገር ልቤን አሳብጦት ነበር።

ቦጋለች የዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ናት። ከእኔ ሦስት አራት ዓመት ብትበልጥ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ቤቷ መንደሩ ከሚያልቅበት ቁልቁለት ላይ፣ ጀርባዋ ላይ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ፣ በዚያ ላይ እንስራ። በዚያን ጊዜ ሸክላ ሠሪ ከሰው አጥር አያልፍም። ወጡ የሚሠራው በእሷ ድስት ነው፣ ውሃው የሚቀዳው በእሷ እንስራ ነው፣ እሷ ግን ከቅንጭቡ አጥር ውጭ ሸክሟን አውርዳ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ትጣራለች፤ ባለቤቲቱ ወጥታ ከእሷ ትገዛለች። እንደ ሰው ቆጥሮ መጀመሪያ ያስገባት ዶክተር ዲተር ነው። የክሊኒኩን የውሃ ማሰሮ ስታመጣ ግቢ ብሎ ወንበር ሰጥቶ ሻይ አጠጣት። መንደሩ ሳምንት ሙሉ ስለዚያ ብርጭቆ ሲያወራ ከረመ። እኔስ? እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በእግዚአብሔር ፊት ሁሉም ሰው እኩል ነው እየተባለ ያደግሁ የወንጌላዊ ልጅ ነኝ። እሷን ግን አንድም ቀን ከተከራየሁባት ክፍል አላስገባኋትም። ደጅ ቆሜ ነው ከእሷ የገዛሁት።

አቶ አንጁሎ የሚባል እንሰቱም ከብቱም የሞላለት ገበሬ ነበር፤ ድምፁ ከርቀት የሚሰማ። አንድ ዓርብ ስድስት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞት መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጠዋት አጥሩ ጋ ከቦጋለች እንስራ ሊገዛ ዋጋ ሲያስቀንስ ተጨቃጨቁ፤ እሷ አልሸጥም ብላ እንስራዋን አንስታ ሄደች። እሱ እየተሳደበ ዞሮ የጎደሬ ጆንያ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ወደቀ። ዶክተሩ ወገቡን ጫን ጫን አደረገ፣ እግሩን ቀና አድርጎ አየ፣ ከዚያ ፊቱ ፈካ። "ሄክሰንሹስ" አለ እየሳቀ። አዲስ ቃል ስለሆነብኝ ምንድነው አልኩት። መርፌውን እየሞላ በእንግሊዝኛ የነገረኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። "ሄክሰ ማለት እናንተ ቡዳ የምትሏት ዓይነት ሴት ናት። ሹስ ተኩስ ነው። ዱሮ አያቶቻችን ወገብ በድንገት ሲይዛቸው ሴት ተኩሳብን ነው ይሉ ነበር፤ እንዲህ እያሉ ስንት ምስኪን አቃጠሉ። ዛሬ ማመኑን ትተነው ቃሉ ብቻ ቀርቷል። የጡንቻ መኮማተር ነው፣ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይነሳል በላቸው።"

ስድስቱ ሰዎች ስሙን ጠየቁ። ስሙ ሄክሰንሹስ ነው አልኳቸው። ምን ማለት ነው አሉ። ሁለት ቃል ነው፣ በጀርመን አገር የቡዳ ሴት ተኩስ ማለት ነው አልኩ፤ በወላይትኛ፣ ጥርት አድርጌ። በረንዳው ጸጥ አለ። ግንዱ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ወደኔ ዞሩ። የቀረውን፣ ዱሮ ነው፣ ዛሬ ማንም አያምንም፣ ጡንቻ ነው የሚለውን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ያ ጸጥታ ጣመኝ። እውነቱ ይኸው ነው፣ ጣመኝ። እንዲያ ሆኖ የተሰማሁበት ቀን አልነበረም። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ። አንጁሎ ቃሬዛው ላይ እንደተኛ ዓይኑን ወደኔ አዙሮ በቀስታ፣ "ከየት በኩል ነው የተኮሰችው?" አለኝ። "ከኋላ ነዋ" አልኩት፣ አዋቂ መስዬ። ስድስቱ ሰዎች ተያዩ። ዶክተሩ ምን አለ አለኝ። አመሰግናለሁ አለ ብዬ ተረጎምኩለት።

ከዚያ ወዲያ የሆነው በዝግታ ነው የሆነው፤ ለዚህም ነው የሚያስፈራው። ማንም አልጮኸም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የቦጋለች ድስቶች እንደተደረደሩ ዋሉ። ሰው አልሰደባትም፣ በፊቷ ሲያልፍ ግን ጀርባውን አይሰጣትም፤ ዞሮ ዞሮ ጎኑን እያሳየ ነው የሚያልፈው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ምንጩ ጋ ሌላው ቀድቶ እስኪጨርስ ቁሚ አሏት። አጥር ላይ የነበሩ ክፍተቶች በእሾህ ተደፈኑ። ክሊኒካችን ደግሞ ወገቡን የሚያመው በዛ። በአራት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ወገቤን ብሎ መጣ፤ ዶክተሩ ምን ዓይነት ሥራ ነው ሕዝቡ የሚሠራው ብሎ ተገረመ። ሁሉም መርፌውን ከተወጉ በኋላ ወደኔ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ "ያው ነው?" እኔም ይህን ሁሉ እየሰማሁ ነገ አስተካክለዋለሁ እላለሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጠው አይደርሱበትም። ለነገሩ እኔ ለመሮጥም አልሞከርኩም።

ሐሙስ ዕለት ቦጋለች ራሷ መጣች። ወደ ውስጥ አልገባችም፤ ከክሊኒኩ አጥር ውጭ ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ወጥቼ አጥሩ ላይ ቆምኩ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ለቅዳሜ መሰብሰቢያው ሾላ ሥር ጠርተዋታል፤ መንደሩን እንድትለቅ ሊነግሯት ነው። "ስሙን ያወጣው ሐኪሙ ነው፣ የተናገርከው ደግሞ አንተው ማቴዎስ ነህ ይላሉ" አለችኝ። "ሐኪሙ ሰው አይከስስም፣ እኔ አውቀዋለሁ። የሆነ ነገር ቀርቷል። ያን ነገር መጥተህ ንገርልኝ።" ዶክተሩን ይዤ እንድመጣ ለመነችኝ። ዶክተሩን ለማምጣት ግን ግማሹን እንደዋጥኩት መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ እሱ ደግሞ አስተርጓሚ ውሸታም ከሆነ ክሊኒኩን ዘግቼ ብሄድ ይሻላል ሲል ሰምቼዋለሁ። እሱ ስብሰባ አይሄድም፣ እኔው እመጣለሁ አልኳት። ቅዳሜ ሶዶ ልብስ ሰፊ ጋ ቀጠሮ እንዳለኝም ነገርኳት፤ ለምን እንደነገርኳት እንጃ፣ ምናልባት ለእሷ ብዬ ትልቅ ነገር እንደተውኩ እንድታውቅልኝ ይሆናል። "ሱሪውን ትቼ እመጣለሁ" አልኳት። እንደዚህ ነው ያልኩት፣ በዚህ ቃል። አመነችኝ። ጀርባዋ ላይ ያለችው ልጅ በእናቷ ትከሻ አሻግራ ታየኝ ነበር።

ዓርብ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሾላው ሥር ሰው መሰብሰብ ሲጀምር ከደጄ ሆኜ አየሁ፤ አንጁሎን በቃሬዛ አምጥተው መካከል አስቀምጠውታል። ያን ሁሉ ፊት ሳይ ወደ በሬ አፈገፈግሁ። ዋሽተህ ነበር ወይ ይሉኛል፤ ለምንድነው ለእሷ የምትከራከረው፣ ምንህ ናት ይሉኛል። ሽማግሌ አይነሳልኝም። ወደ ሶዶ የሚወጣ የጭነት መኪና መንገዱ ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ፤ ሳላስበው ላዩ ላይ ነበርኩ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚሉ ሰዎች ልጅ ነኝ። መኪናው ሾላውን ሲያልፍ ከተጫነው የጎደሬ ጆንያ ኋላ አጎነበስኩ፤ እንደሚመስለኝ ከቦጋለች በቀር ማንም አላየኝም። እሷ ቀና ብላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነግሬያችኋለሁ፤ የዓለሙ በረንዳ፣ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ቀጠሮ ሰጥቶ ስለቀረው ሰው የሚዘፈነው ዘፈን፣ የፎቶ ቤቱ ሙሽሮች። ያማረች ቅዳሜ ነበረች።

እሑድ ስመለስ የቦጋለች ቤት ክፍቱን ነበር። ሸክላ የምትተኩስበት ጉድጓድ አመዱ ቀዝቅዟል። ድስቶቹ መንገድ ለመንገድ ተሰባብረው፣ ስባሪው ሁሉ በአጥሮቹ ሥር ተደርድሯል፤ ማን እንዳስቀመጠው ማንም አልነገረኝም። አልተመታችም፣ አልተነካችም፣ በእግሯ ነው የሄደችው አሉኝ፤ ወደ ቢጠና ቆላ። አንጁሎ በማግስቱ ሰኞ ከቃሬዛው ተነሳ። ዶክተሩ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ያለው ነገር እንዳለው በቀኑ ደረሰ፤ አገሩ ግን እሷ ስትሄድ ዳነ አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አንጁሎ ራሱ አንድ ሙክት ይዞ ክሊኒክ ድረስ መጥቶ፣ ስሙን ስለነገርከኝ ብሎ እጄን ስሞኝ ሄደ። በጉን ዶክተሩ መለሰው። መሳሙ ግን እጄ ላይ ቀረ።

ዶክተሩ የማሰሮዋ ሴት የት ጠፋች ብሎ ሲጠይቀኝ ቤት ቀየረች አልኩት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለምን እንደሆነ ሳልነግረው፣ ሄክሰ የሚለው ቃል ከሥሩ ምንድነው አልኩት። የሚወደው ጥያቄ ስለሆነ ከሳጥኑ ወፍራም መዝገበ ቃላት አውጥቶ ጭኑ ላይ ዘረጋው። ሄክሰ ራሷ ከሁለት ቁራጭ የተሰፋች ናት አለኝ። በጥንቱ ጀርመንኛ የፊተኛው ቁራጭ አጥር ማለት ነው። የኋለኛው ቁራጭ ምን እንደነበረ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ በአጥር ላይ የምትቀመጥ ማለት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። "ግማሹ ጠፍቷል" አለ ዶክተሩ፣ "የቀረው አጥሩ ብቻ ነው።" ቡዳዋ በኋላ የመጣች ናት፤ መጀመሪያ የነበረው አጥሩ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ቦጋለችን ከነእንስራዋ ቁጭ ብላ አየኋት። በዚያው ዓመት ሥራውን ለቅቄ መምህርነት ገባሁ፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድም ጊዜ የአንድን ቃል አመጣጥ ለልጆች ተናግሬ አላውቅም። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝም የለም።

እንግዲህ ወደ ወገቤ ልመለስ። ቅባቱ አልሠራም፤ ከበዓሉ በኋላ ልጄ እዚሁ ሶዶ ሆስፒታል ወሰደኝ፣ ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። አስቴር የምትባል የአርባ ምናምን ዓመት ሴት ናት የተቀበለችኝ፤ ፊቷ ዝግ ያለ፣ ክንዷ የበረታ። ካርዴን አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ በሆዴ አስተኝታኝ፣ "ጋሼ፣ ሪላክስ ያድርጉ፣ አይወጥሩት" አለችኝና በአውራ ጣቷ አከርካሪዬን ቁልቁል መቁጠር ጀመረች። ድሮ ክሊኒክ ሠርተው ያውቃሉ አለችኝ። ለአጭር ጊዜ አልኳት። ጉኑኖ አካባቢ? በዚያ አካባቢ አልኳት። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም፤ እጇም አልቆመም። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። በሆዱ የተኛ ሰው የሚያክመውን ሰው ፊት አያይም፤ የሚያየው ወለሉንና የሁለት ነጭ ጫማ ጫፍ ነው። የማላውቀው ፍርሃት ያዘኝ፤ ማታ ለምራቴ እዚያ መመለስ አልፈልግም አልኳት፤ ተሽሎዎት የለም እንዴ ብላ ሳቀችብኝ።

በሦስተኛው ቀን አስቴር ወገቤ ላይ እጇን እንዳሳረፈች መናገር ጀመረች። "ከጉኑኖ ማዶ የሚመጡ ፔሸንቶች አሉኝ። ወገባቸውን ሲይዛቸው የጀርመኑ በሽታ ነው ይላሉ። ስሙን አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጠራዋል። ትርጉሙን ግን አንድም የሚሳሳት የለም።" በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችኝ። "ጋሼ፣ ምን ብለው እንደሚጠይቁኝ ያውቃሉ? የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳያውቁ፣ ከየት በኩል ነው የተኮሰችኝ ይሉኛል።" ፊቴን ትራሱ ውስጥ ቀበርኩ። የዚያን ጊዜዎቹ ሰዎች ልጆች ናቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው ናቸው፤ አንጁሎ ከሞተ ስንት ዘመኑ። እኔ በአንድ ትንፋሽ የተናገርኩት ነገር ሰው ሆኖ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሆስፒታል ድረስ ካርድ አውጥቶ ይመጣል። እርስዎ ከኋላ ነው ብለዋቸዋል አለችኝ አስቴር፤ ቁጣ የለባትም፣ ልክ ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነገር እንደምታነብ ነው የምትናገረው። አሁንም ዓመት አያልፍም፣ አንዲት ሴት ሾላው ሥር ትጠራለች፤ ባለፈው ክረምት አንዷ ቤቷን ለቃ ቦምቤ ወርዳለች። ከዚያ ተነሱ አለችኝ፣ ቀና አደረገችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየሁት፤ በእናቷ ትከሻ አሻግሮ ያየኝ ያው ዓይን ነው። "እናቴ ቅዳሜ ጠዋት አጥሩ ጋ ፀሐይ ትሞቃለች" አለችኝና ሰፈሩን ነገረችኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። እንዳልሄድ ብዙ ምክንያት ነበረኝ፤ ወገቤ፣ ዝናቡ፣ የአንድ ጎረቤት ለቅሶ። ባጃጁ ኮብልስቶኑ እስኪያልቅ አደረሰኝ፣ የቀረውን በከዘራ ወጣሁ፤ ዳሞታ ሥር ነው፣ ግቢው በቅንጭብ የታጠረ። ቦጋለች ከውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ በነጠላ ተከናንባ፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ። እጆቿን ነው ያወቅኳቸው። እኔ ከውጭ ቆምኩ። እትዬ ቦጋለች አልኩ፤ ማቴዎስ ነኝ አልኩ። አውቄሃለሁ አለችኝ በወላይትኛ። ግባ አላለችኝም፤ እኔም የመግቢያውን መዝጊያ አልነካሁም። ቅንጭቡን አሻግሬ፣ አርባ ምናምን ዓመት የዋጥኩትን ግማሽ ተናገርኩ፤ ሐኪሙ ዱሮ ነው እንዳለ፣ አያቶቻችን ተሳስተው ምስኪን አቃጠሉ እንዳለ፣ ዛሬ ማንም አያምንም እንዳለ፣ የጡንቻ መኮማተር ነው በላቸው እንዳለኝ። የሚመጣው ቅዳሜ እኔው ጉኑኖ ማዶ ሾላው ሥር ሄጄ ይህንኑ እንደምናገር ነገርኳት። እየተናገርኩ አለቀስኩ።

እስክጨርስ ሰማችኝ። "ይኸው ነው?" አለች። ይኸው ነው አልኳት። ጣቷን እየቆጠረች የነገርኳትን መልሳ በልቧ የምትለካ መሰለኝ፤ ከአራት ጣት አላለፈም። ከዚያ ፊቷን ወደ ፀሐይዋ እንደመለሰች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ሱሪውስ?" አለችኝ። "ደረሰልህ?"

አልደረሰም ነበር አልኳት። ልብስ ሰፊው፣ ለሚመጣው ቅዳሜ ና አለኝ።